የኩባንያ ፋውንዴሽን ገንዘብ ለሰፈር ማስጠኛ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ፣ ሲያትል 2025

ሥራው፦ ከትምህርት ሰዓት ውጪ የሚሰጥ ማስጠኛ፣ ደቡብ ሲያትል። ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ 35 ልጆች፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሦስት ሦስት ሰዓት፣ በዓመት 32 ሳምንት። እስካሁን የቆመው በአባላት መዋጮና በዓመታዊው እራት ነው። አሁን አስተባባሪና አስጠኚ በደመወዝ መቅጠር ስለተፈለገ ከአንድ የኩባንያ ፋውንዴሽን (ኩባንያ ያቋቋመው ሰጪ ድርጅት) 20,000 ዶላር ይጠየቃል። ድርጅቱ 501(ሲ)(3) (በአሜሪካ ሕግ ከግብር ነፃ የሆነ በጎ አድራጎት) ነው፤ ቋሚ ሠራተኛ የለውም፣ ሥራውን የሚሠራው ቦርዱ ነው።

ሳምንት 1፦ ስም

ምንም ከመጻፉ በፊት አራት ወረቀቶች ጎን ለጎን ተዘረጉ፦ የአይ.አር.ኤስ. (የፌዴራሉ ግብር መሥሪያ ቤት) የግብር ነፃነት ደብዳቤ፣ የኢ.አይ.ኤን. (የድርጅቱ የግብር መለያ ቁጥር) ደብዳቤ፣ የስቴቱ የማኅበር ምዝገባና የባንክ ስቴትመንት። በአራቱም ላይ ያለው ስም በፊደል ደረጃ አንድ መሆን አለበት። የኩባንያዎቹ ፖርታል (የማመልከቻ ድረ ገጽ) ስምና ኢ.አይ.ኤን. ከአይ.አር.ኤስ. መዝገብ ጋር የሚያስተያየው በማሽን ነው፤ "ኢንክ" መኖር አለመኖሩ ብቻ ያስጥላል። በእኛ ድርጅቶች ችግሩ ይብሳል፤ "ጸ"ን ወይም "ቀ"ን በላቲን የሚጽፍበት መንገድ ሰው ሁሉ የራሱ አለው። መሥራቹ ለስቴቱ አንድ ዓይነት ጽፎ፣ ገንዘብ ያዡ ባንክ ሄዶ ሌላ ዓይነት ያስመዘግባል። ልዩነቱ መጀመሪያ ላይ ቢያዝ ቀላል ነው። የሚያስቸግረው ማመልከቻው አልፎ፣ ግራንቱ ተፈቅዶ፣ ክፍያው በባንክ ማረጋገጫ ላይ ሲቆም ነው።

የተወሰደው ማስተካከያ፦ ኢ.አይ.ኤን. ሲሰጥ የሚመጣው ሲፒ 575 የተባለው ደብዳቤ የሚላከው አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ፣ ከጠፋ አይ.አር.ኤስ. የንግድ መስመር ደውሎ 147ሲ የሚባለውን ማረጋገጫ ማስላክ ነው። የሚደውለው በመዝገቡ ላይ ስሙ ያለ ኃላፊ መሆን አለበት፤ ከሦስት ዓመት በፊት የለቀቀ ሰብሳቢ አሁንም እንደ ኃላፊ ተመዝግቦ ከሆነ መጀመሪያ በፎርም 8822-ቢ ይቀየር። የግብር ነፃነት ደብዳቤው ከጠፋ ደግሞ በምትኩ የማረጋገጫ ደብዳቤ ይጠየቃል። የባንኩን ስም ማስተካከል ከሁሉ ይቀላል፤ የቦርድ ቃለ ጉባኤና የስቴቱ ሰርተፊኬት ይበቃል።

ወጪ፦ ከጊዜ በቀር የለም።

ሳምንት 2፦ ምን ዓይነት ድርጅት እንደሆንን

ፋውንዴሽኑ የሚያየው 501(ሲ)(3) መሆንን ብቻ አይደለም፤ ደብዳቤው ላይ "የሕዝብ በጎ አድራጎት" የሚል ምደባ መኖሩንም ነው። አብዛኞቹ የኩባንያ ፋውንዴሽኖች በሕግ ዓይን የግል ፋውንዴሽን ናቸው። የግል ፋውንዴሽን የሕዝብ በጎ አድራጎት ላልሆነ አካል ከሰጠ ገንዘቡን እስከ መጨረሻው የመከታተል ተጨማሪ ግዴታ ይወድቅበታል። ያን ጣጣ ለ20,000 ዶላር ብሎ የሚሸከም ስለማይገኝ በመጀመሪያው የብቃት ጥያቄ ላይ ይዘጋል።

በዚሁ ሳምንት ከእድር ጋር ያለው ድንበር ተሰመረ። ለአባሉ ሐዘን የሚከፍል እድር መልካም ነገር ነው፣ ግን የሚጠቅመው ከፋይ አባሉን ስለሆነ በአሜሪካ የግብር ሕግ በጎ አድራጎት አይባልም። ማስጠኛውና እድሩ በአንድ የባንክ ሂሳብ ውስጥ ካሉ ስቴትመንቱን የሚያይ ሰው ሁለተኛ ገጽ ላይ ያቆማል። ሁለት ሂሳብ፣ ሁለት መዝገብ፤ ከተቻለም ሁለት የተለያየ ድርጅት። የቤተ ክርስቲያን ወይም የመስጊድ አዳራሽ መከራየት ግን ችግር የለውም፤ ብዙዎቹ የኩባንያ ፋውንዴሽኖች የማይደግፉት የአምልኮ ሥራን እንጂ ኪራይን አይደለም። የኪራይ ውል በጽሑፍ ይኑር፤ የሰንበት ትምህርትና የሒሳብ ጥናት በአንድ የሰዓት ሰሌዳ ላይ አይጻፉ።

501(ሲ)(3) ገና ያላገኘ ቡድን ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ፎርም 1023-ኢዚ ነው፤ ክፍያው 275 ዶላር፣ የሚፈቀደው ዓመታዊ ገቢው ከ50,000፣ ንብረቱ ከ250,000 ዶላር ለማይበልጥ። ከዚያ በላይ የሆነው ሙሉውን 1023 በ600 ዶላር ያስገባል። ሁለተኛው በሌላ ድርጅት ስር በፊስካል ስፖንሰር መግባት ነው፤ ስፖንሰሩ ከሚገባው ገንዘብ ላይ በመቶኛ ይቆርጣል፣ ስለዚህ መቁረጫው በጀቱ ውስጥ ከመጀመሪያው ይግባ። አንዳንድ የኩባንያ ፖርታል በስፖንሰር የመጣ አመልካች አይቀበልም፤ ቀድሞ መጠየቅ ነው።

የካንዲድ ፕሮፋይልም ተሞላ። ካንዲድ ጋይድስታርና ፋውንዴሽን ሴንተር በ2019 ተዋህደው የሆኑት፣ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችን መረጃ የሚይዝ ድርጅት ነው። ከነሐስ እስከ ፕላቲነም ማኅተም ይሰጣል፣ ለመሙላት አይከፈልም። ማኅተሙ ራሱ ገንዘብ አያመጣም፤ ነገር ግን ብዙ የኩባንያ ስጦታ ፖርታሎች የድርጅቱን መረጃ የሚስቡት ከዚያ ስለሆነ አሮጌ አድራሻ እዚያ ተቀምጦ ከሆነ ቼክ የሚሄደው ወደ አሮጌው አድራሻ ነው።

ሳምንት 3 እና 4፦ ማንን እንጠይቅ፣ የ990-ፒኤፍ ንባብ

በዚህ ሥራ ውስጥ ከሁሉ የሚከፍለው ሰዓት ይኼ ነው፣ ሰው ግን የሚዘለውም ይህንኑ ነው። የግል ፋውንዴሽን ሁሉ በየዓመቱ ፎርም 990-ፒኤፍ ያስገባል፤ ሰነዱ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ በአይ.አር.ኤስ. ፍለጋ ገጽ ወይም በፕሮፐብሊካ የድርጅቶች መፈለጊያ በነፃ ይወርዳል። ድረ ገጻቸው የሚፈልጉትን ይናገራል፤ 990-ፒኤፉ ያደረጉትን።

የሚነበበው በዚህ ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ክፍል 14 (በቆዩ ፎርሞች ክፍል 15) መስመር 2 ላይ ያለችው ትንሽ ሳጥን፦ ፋውንዴሽኑ አስቀድሞ ለመረጣቸው ብቻ እንደሚሰጥና ያልተጠየቀ ማመልከቻ እንደማይቀበል የምትናገረው። ምልክት ካለባት ቀሪውን ማንበብ አያስፈልግም፤ ወደዚያ የሚገባው በሰው ነው፣ ስለ እሱ ከታች ይመጣል። ከዚያ ዝቅ ብሎ የተቀባዮች ዝርዝር አለ፦ ስም፣ አድራሻ፣ ዓላማ፣ መጠን። ዝርዝሩ ወደ ኤክሴል ተገልብጦ በከተማ ይጣራል። በኪንግ ካውንቲ (ሲያትል ያለችበት) ውስጥ ያሉት ብቻ ሲቀሩ መካከለኛው መጠን ይታያል። አማካይ አይወሰድ፤ አንድ የአንድ ሚሊዮን ስጦታ አማካዩን ሰማይ ያደርሰዋል። አንድ ፋውንዴሽን በሰፈራችን ልክ ላሉ ድርጅቶች በብዛት 10,000 ዶላር የሚሰጥ ከሆነ 50,000 መጠየቅ ለራሱ ውድቅ መጻፍ ነው።

ሦስተኛው ነገር ሀብቱ ነው። የግል ፋውንዴሽን በጥቅሉ ከኢንቨስትመንት ሀብቱ 5 በመቶ ያህል በየዓመቱ ማውጣት አለበት። ብዙ የኩባንያ ፋውንዴሽኖች ግን የተቀመጠ ትልቅ ሀብት የላቸውም፤ ኩባንያው በየዓመቱ የሚጨምረውን ተቀብለው ያሳልፋሉ። ይህ ከሆነ የዓመቱ መጨረሻ ሀብት ከዓመቱ ስጦታ ጋር ተቀራራቢ ወይም ያነሰ ሆኖ ይታያል። ትርጉሙ፦ የኩባንያው ትርፍ ሲወርድ ግራንቱም በዚያው ዓመት ይወርዳል። እንዲህ ያለ ፋውንዴሽን ላይ የሦስት ዓመት ደመወዝ አይንጠለጠልም።

አራተኛው መዘግየቱ ነው። ፎርሙ ማስገቢያው ግንቦት አጋማሽ ሆኖ ስድስት ወር ስለሚራዘም፣ ዛሬ የሚነበበው ከአንድ ዓመት በላይ የቆየ ሊሆን ይችላል። ደግሞም ኩባንያው በቀጥታ ከራሱ ካዝና የሚሰጠው በ990-ፒኤፍ ላይ አይወጣም። የስፖንሰርነት፣ የማርኬቲንግ፣ የመደብር ደረጃ ስጦታዎች ብዙዎቹ በዚያ በኩል ናቸው።

ከንባቡ በኋላ ዝርዝሩ ወደ ሦስት ዓይነት ወረደ።

ባንኮች። የሚሰጡት ደግ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ የ1977ቱ የማኅበረሰብ መልሶ ኢንቨስትመንት ሕግ ስላለባቸውም ነው። በዚያ ሕግ የሚቆጠርላቸው ገንዘብ በዋናነት ገቢው ከአካባቢው መካከለኛ የቤተሰብ ገቢ 80 በመቶ በታች ለሆነ ሰው የሚጠቅም ነው። ስለዚህ የባንክ ማመልከቻ ልቡ አንድ ቁጥር ናት፦ ከሚገለገሉት ስንት በመቶው ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ነው? የወላጅን የደመወዝ ወረቀት መሰብሰብ አያስፈልግም፣ ወላጅም አይሰጥም። በነፃና በቅናሽ የትምህርት ቤት ምሳ ፕሮግራም ብቁ የሆኑ ልጆች ቁጥር እንደ ምትክ ማስረጃ ይሠራል። በምዝገባ ቅጹ ላይ አንድ የ"አዎ/አይደለም" ጥያቄ ተጨመረ፤ በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ።

የቴክኖሎጂና የአውሮፕላን ኩባንያዎች። በሲያትል ዙሪያ ያለው ጥቅማቸው ግራንት ሳይሆን የሠራተኛ ማዛመጃ (ሠራተኛው ሲሰጥ ኩባንያውም የሚጨምረው) ነው። ከታች ለብቻው ይመጣል።

የችርቻሮ መደብሮች። ትንሽ ገንዘብ፣ በአካባቢው ቅርንጫፍ በኩል። ለምሳሌ ዋልማርት በዚህ መንገድ የሚሰጠው ከ250 እስከ 5,000 ዶላር ነው። በቦርዱ ውስጥ "ትንሽም ቢሆን እንሞክር" የሚል ድምፅ ስለነበረ ሂሳቡ ተሠራ። ማጣራት፣ መመዝገብ፣ መጻፍ፣ ሪፖርት፣ በጠቅላላ 12 ሰዓት ይፈጃል ብንል፣ በአስተባባሪው 28 ዶላር የሰዓት ክፍያ 336 ዶላር ነው። 250 ለማግኘት 336 ማውጣት። 2,500 ሲሆን ግን ወጪው ከ14 በመቶ በታች ይወርዳል። ውሳኔ፦ ከ1,500 በታች አይጠየቅም።

ሳምንት 5፦ በጀት

የመጀመሪያው ረቂቅ 20,000 ዶላሩን ብቻ የሚያሳይ ነበርና ተጣለ። ፋውንዴሽኑ የሚፈልገው የፕሮግራሙን ሙሉ ወጪና የእሱ ገንዘብ የትኛውን እንደሚሸፍን ነው። ሙሉው እንዲህ ወጣ፦

አስተባባሪ፣ በሳምንት 20 ሰዓት፣ 36 ሳምንት፣ በ28 ዶላር፦ 20,160
አራት አስጠኚዎች፣ በሳምንት 6 ሰዓት፣ 32 ሳምንት፣ በ22 ዶላር፦ 16,896
የአሠሪ ሶሻል ሴኪዩሪቲና ሜዲኬር 7.65 በመቶ፦ 2,835
የስቴት የሥራ ላይ ጉዳት መድንና የተከፈለ ፈቃድ፣ ግምት፦ 741
መክሰስ፣ 35 ልጅ፣ 64 ቀን፣ በ1.50 ዶላር፦ 3,360
የክፍል ኪራይ፣ በሰዓት 40 ዶላር፣ 192 ሰዓት፦ 7,680
መድን፦ 1,200
መጻሕፍትና ቁሳቁስ፦ 1,500
ቀጥተኛ ድምር፦ 54,372
ተዘዋዋሪ ወጪ 15 በመቶ፦ 8,156
ጠቅላላ፦ 62,528

ማብራሪያ የሚሹ መስመሮች አሉ። የሲያትል የ2025 ዝቅተኛ የሰዓት ክፍያ 20.76 ዶላር ስለነበረ ከዚያ በታች የተጻፈ በጀት አንባቢው ወዲያው ያየዋል። ለአስጠኚ "ኪስ ገንዘብ" ብሎ በ1099 (እንደ ኮንትራክተር) መክፈል የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ሰዓቱን፣ ቦታውንና አሠራሩን እኛ የምንወስንለት ሰው ሠራተኛ ነው፣ ስለዚህ በደብሊው-2 (እንደ ተቀጣሪ) ገባ። አንድ እፎይታ፦ 501(ሲ)(3) ድርጅት ከፌዴራል የሥራ አጥ ግብር ነፃ ነው፣ ያ መስመር የለም። መድኑ ውስጥ የአጠቃላይ ተጠያቂነት ብቻ አይበቃም፤ ልጆች ስላሉ የጥቃት ሽፋን ተብሎ ለብቻው የሚጨመር አለ፣ መኖሩ በሰርተፊኬቱ ላይ መታየት አለበት።

ተዘዋዋሪው (እንደ ሂሳብ ሥራ ያለ የድርጅቱ የጋራ ወጪ) 15 በመቶ ከየት መጣ? ከጥቅምት 1 ቀን 2024 ጀምሮ የፌዴራሉ መንግሥት ከመንግሥት ጋር ተደራድሮ ያስወሰነው የራሱ ተመን ለሌለው ድርጅት የሚፈቅደው ከ10 ወደ 15 በመቶ ከፍ ብሏል። የኩባንያ ፋውንዴሽን ይህን እንዲከተል የሚያስገድደው ሕግ የለም፤ ግን መነሻ ሆኖ ያገለግላል። ጣሪያው 10 በመቶ የሆነበት ሲያጋጥም ማስታወቂያውን እያነበቡ መበሳጨት ዋጋ የለውም፤ ለፕሮግራሙ በቀጥታ የሚውለው የሂሳብ ሥራ ሰዓት ከተዘዋዋሪ ወጥቶ በቀጥተኛ መስመር ይገባል። ይህ ማጭበርበር አይደለም፣ የሰዓት መቆጣጠሪያ እስካለው ድረስ።

የገቢው ጎን፦ የአባላት መዋጮና እራት 24,528፣ የተጠየቀው ግራንት 20,000፣ ከማኅበረሰብ ፋውንዴሽን የሚጠየቅ 10,000፣ የሠራተኛ ማዛመጃ 8,000። ከእያንዳንዱ አጠገብ "በእጅ ያለ" ወይም "የተጠየቀ" ይጻፍ። ሁሉም "የተጠየቀ" የሆነበት በጀት ሕልም ነው ብሎ የሚያስብ አንባቢ ትክክል ነው። የበጎ ፈቃድ ሰዓት በጥሬ ገንዘብ በጀት ውስጥ አልገባም፤ ለብቻው በግርጌ ተጻፈ።

የአንድ ልጅ ወጪ በዓመት 1,787 ዶላር ገደማ፤ በሰዓት ደግሞ 9.30። ሁለተኛው ቁጥር ሲጻፍ አንባቢው ከሞግዚት ክፍያ ጋር ራሱ ያወዳድራል።

ሳምንት 6፦ ፖርታሉ

አካውንቱ በድርጅቱ ኢሜይል ተከፈተ። በጸሐፊዋ የግል ኢሜይል የተከፈተ ፖርታል እሷ ስትለቅ አብሯት ይሄዳል፤ የይለፍ ቃል ማስመለሻውም ወደ እሷ ስልክ ነው። ጥያቄዎቹ በሙሉ መጀመሪያ ወደ ሰነድ ተገለበጡ፣ መልሱ እዚያ ተጽፎ ከቆጠራ በኋላ ተለጠፈ። የፊደል ገደቡ ክፍት ቦታን ጭምር ይቆጥራል።

"የሚገለገለው ማን ነው" የሚለው ጥያቄ ላይ ረዘም ያለ ክርክር ነበር። የመጀመሪያው ረቂቅ "ለኢትዮጵያውያን ልጆች" ይል ነበር። በሰኔ 2024 የ11ኛው ፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት በአትላንታው ፊርለስ ፈንድ ጉዳይ ላይ፣ በጥቁር ሴቶች ለሚመሩ ንግዶች ብቻ የተዘጋጀውን የግራንት ውድድር አግዷል፤ መነሻው የ1866ቱ የሲቪል መብት ሕግ ነው። ጉዳዩ በመስከረም በስምምነት ቢዘጋም የኩባንያ ጠበቆች ከዚያ ወዲህ በዘር የተለየ ነገር ሲያዩ ይደነግጣሉ። ማስጠኛው ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ክፍት ስለሆነ እውነቱ ተጻፈ፦ "ለማንኛውም ልጅ ክፍት፤ ከወላጆች ጋር የሚደረገው ግንኙነት በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ።" የሚለየን የቋንቋው አገልግሎት ነው፣ እሱን በዝርዝር መጻፍ ደግሞ ማንም አይከለክልም።

የውጤት መለኪያ፦ "በራስ መተማመን ይጨምራል" ተሰረዘ። በምትኩ ክትትል (ቢያንስ 48 ከ64 ቀን የተገኘ ልጅ ብዛት)፣ የተጠናቀቀ የቤት ሥራ፣ በመስከረምና በግንቦት የሚሰጥ አንድ ዓይነት የንባብ ፈተና። ቃል የተገባው መለኪያ ሁሉ በኋላ ሪፖርት ላይ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ሦስት ይበቃል።

አባሪ፦ የቦርድ ዝርዝር ከነሥራ ቦታቸው፣ የግብር ነፃነት ደብዳቤ፣ ደብሊው-9 (የድርጅቱ ስምና የግብር ቁጥር ያለበት ቅጽ)፣ የመድን ሰርተፊኬት፣ የዓመቱ ገቢና ወጪ፣ የሀብትና ዕዳ መግለጫ። ገቢያቸው ከ50,000 በታች ሆኖ 990-ኤን (ኢ-ፖስትካርድ የሚባለውን አጭር ዓመታዊ ፎርም) ብቻ የሚያስገቡ ድርጅቶች እዚህ ይንሸራተታሉ፤ ያ ፎርም ምንም የገንዘብ ቁጥር የለበትም፣ ፋውንዴሽኑ የሚያነበው ነገር አያገኝም። ቦርዱ ያጸደቀው መግለጫ ካለ ይሸፍናል።

ሳምንት 7 እስከ 10፦ የሠራተኛ በር

ማመልከቻው ገብቶ መልስ ሲጠበቅ ሥራው ወደ ውስጥ ዞረ። ለአባላት አንድ ጥያቄ ብቻ ተላከ፦ "የት ነው የምትሠሩት?" መጋዘን፣ ሆስፒታል፣ ሶፍትዌር፣ አውሮፕላን ፋብሪካ። ብዙ ሰው አሠሪው ስጦታውን እንደሚያዛምድ አያውቅም፤ ወይም ለትልልቅ ድርጅቶች ብቻ ይመስለዋል። ማይክሮሶፍት በአሜሪካ ያለ ሠራተኛው የሚሰጠውን በዓመት እስከ 15,000 ዶላር ያዛምዳል፤ ለበጎ ፈቃድ ሥራም በሰዓት 25 ዶላር ለድርጅቱ ይከፍላል። ቅዳሜ ቅዳሜ እያስጠኑ ሰዓታቸውን አስመዝግበው የማያውቁ ኢንጂነሮች በየኮሚዩኒቲው አሉ።

ሂሳቡ፦ አምስት ሰው እያንዳንዱ 40 ሰዓት፣ በ25 ዶላር፣ 5,000። ከዚያ ላይ በዓመት የሚያዋጡት 3,000 ሲዛመድ ሌላ 3,000። ድምር 8,000፤ በጀቱ ላይ ያለው ይኼ ነው። የማመልከቻ ድርሰት የለውም፣ ውድቅ ማድረግ የሚችል ኮሚቴ የለውም። በእኔ ግምት የኩባንያ ገንዘብ የሚፈልግ የኮሚዩኒቲ ድርጅት ሁሉ መጀመር ያለበት ከዚህ ነው፣ ግራንቱ ይከተላል።

የሚበላሽበት ቦታ፦ ድርጅቱ በኩባንያው የስጦታ መድረክ ላይ መመዝገብና የባንክ ሂሳቡን ማስገባት አለበት፤ ካልገባ ቼክ በፖስታ ይላካል፣ በየወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ ተጠራቅሞ። ሰዓቱን የሚያስገባው ሠራተኛው ራሱ ነው፣ ድርጅቱ ደግሞ ያረጋግጣል፤ ፊርማ ያለበት የመገኛ ወረቀት ከሌለ የሚያረጋግጠው ሰው በግምት እየጻፈ ነው ማለት ነው። ዓመቱ ሲያልፍ ያልተመዘገበ ሰዓት ይቃጠላል። ሌላው ደረሰኝ ነው። እንደ ቤኔቪቲ ባሉ መድረኮች የሚያልፍ ገንዘብ ወደ እኛ የሚመጣው ከመድረኩ የበጎ አድራጎት ፈንድ ስለሆነ የግብር ደረሰኙን ለሰጪው የሚሰጠው ፈንዱ ነው። ድርጅቱ ደግሞ ሌላ ደረሰኝ ከሰጠ አንድ ስጦታ ሁለቴ ተቆጠረ። የምስጋና ደብዳቤ ብቻ፣ ያለ ገንዘብ መጠን።

ሁለተኛው ጥቅም ከ20,000 ዶላሩ ጋር ይገናኛል። በ990-ፒኤፍ መስመር 2 ሳጥን ላይ ምልክት ያለባቸው ፋውንዴሽኖች የሚመርጡት ሠራተኞቻቸው የሚያውቋቸውን ድርጅቶች ነው። በባንኩ ቅርንጫፍ ውስጥ የምትሠራ እናት ልጇ እኛ ጋ የምትማር ከሆነ፣ የአካባቢው የማኅበረሰብ ግንኙነት ኃላፊ ስልክ በእጇ ነው።

ሳምንት 13፦ ጥያቄና ጉብኝት

የፕሮግራም ኃላፊዋ ስልክ አጭር ነበር፦ ግራንቱ በከፊል ቢሰጥ ምን ይቀንሳል? መልሱ ቀድሞ ተዘጋጅቷል፦ በ12,000 ዶላር ሁለት አስጠኚ ይቀራል፣ ልጆቹ ወደ 20 ይወርዳሉ። "እንችላለን፣ አንድ መንገድ እንፈልጋለን" የሚል መልስ መጀመሪያም ያን ያህል አያስፈልጋችሁም ነበር ማለት ነው።

በጉብኝቱ ቀን የሚታየው፦ የመግቢያና መውጫ ፊርማ፣ የአስጠኚዎች የወንጀል ታሪክ ማጣሪያ ፋይል፣ የፎቶ ፈቃድ ቅጽ። የፎቶ ፈቃዱ በወላጅ ቋንቋ ይሁን፤ ሎጎው ያለበት ፎቶ የኩባንያው ገጽ ላይ ሲወጣ ያልፈቀደ ወላጅ ቢኖር ያን ግንኙነት የሚጠግን የለም። ልጆች ተሰልፈው መዝሙር እንዲያሰሙ የቀረበው ሐሳብ በቦርድ ተሰረዘ። የመጣችው የሒሳብ ጥናት ልታይ ነው።

ሳምንት 17፦ የስጦታ ደብዳቤ

ተፈቀደ፤ 15,000። ፊርማ ከመጣሉ በፊት የተጣራው፦ ውሉ የመጣው ከፋውንዴሽኑ እንጂ ከኩባንያው አይደለም። ኩባንያው ራሱ ቃል የገባውን ዕዳ ፋውንዴሽኑ ቢከፍል በግብር ሕጉ የራስ ጥቅም ግብይት ይባላል፣ ቅጣቱም በእነሱ ላይ ነው። በዚያው ምክንያት ለዓመታዊው እራት "አንድ ጠረጴዛ በግራንቱ ላይ ጨምሩ" የሚል ጥያቄ ሲመጣ አይቀበሉትም፤ ፋውንዴሽን ለኃላፊዎቹ የእራት ትኬት አይገዛም። ጠረጴዛ ከተፈለገ ኩባንያውን ከማርኬቲንግ በጀቱ መጠየቅ ነው። ያ ደግሞ ስፖንሰርነት ይሆናል፦ ሎጎና ስም ማሳየት ይቻላል፣ "ምርጥ ወለድ ያለው ባንክ" ማለት ግን ማስታወቂያ ነው፣ ግብር ሊያስከትል ይችላል።

ገንዘቡ ለዚህ ሥራ ብቻ የተገደበ ስለሆነ በኩዊክቡክስ (የሂሳብ ሶፍትዌር) የራሱ ክላስ (የተለየ መዝገብ) ተከፈተለት። በውሉ ላይ ቅድመ ሁኔታ ከሌለ ሙሉው 15,000 በተፈረመበት ዓመት ገቢ ሆኖ ይመዘገባል፣ ወጪው ግን በአብዛኛው በሚቀጥለው። ስለዚህ የሚቀጥለው ዓመት ኪሳራ ያለበት ይመስላል። ለቦርዱ የአንድ መስመር ማብራሪያ አሁን ተጻፈ፤ ያኔ ገንዘብ ያዡ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።

የጎደለው 5,000፦ የአስተባባሪው ሰዓት ከ20 ወደ 16 ወረደ። 576 ሰዓት በ28 ዶላር 16,128፤ ከነአሠሪ ግብሩ 4,340 ገደማ ተቆጠበ። ቀሪው ከቁሳቁስ። ልጆቹ 35 ሆነው ቀሩ።

ሳምንት 19፦ የሕዝብ ድጋፍ ፈተና

የኩባንያ ገንዘብ ሲበዛ የሚመጣ ወጥመድ ስላለ ቀድሞ ተሰላ። የሕዝብ በጎ አድራጎት ሆኖ ለመቆየት በአምስት ዓመት ከተሰበሰበው ድጋፍ ቢያንስ አንድ ሦስተኛው ከሕዝብ መምጣት አለበት። ከአንድ ሰጪ የመጣው ከጠቅላላው 2 በመቶ በላይ ከሆነ ትርፉ አይቆጠርም። የአምስት ዓመቱ ድምር 205,000 ከሆነ 2 በመቶው 4,100 ነው፤ ከ15,000ው የሚቆጠረው ያ ብቻ። ከማኅበረሰብ ፋውንዴሽን የሚመጣው ግን እሱ ራሱ የሕዝብ በጎ አድራጎት ስለሆነ ጣሪያ የለውም፣ መንግሥትም እንደዚያው።

አሁን ባለንበት ችግር የለም። ግን አንድ ድርጅት መዋጮ መሰብሰቡን ትቶ ከሦስት ኩባንያ ፋውንዴሽኖች ከእያንዳንዳቸው 60,000 ቢቀበል፣ ከአባላት ደግሞ 20,000 ብቻ፣ ድምሩ 200,000 ነው። ከእያንዳንዱ ፋውንዴሽን 4,000 ይቆጠራል፦ 12,000 ሲደመር 20,000፣ 32,000፤ 16 በመቶ። ከ10 በመቶ በላይ ለሆነ በማስረጃ የሚከራከሩበት ሁለተኛ መንገድ አለ፣ ግን ያን ክርክር ማንም አይመኝም። የ20 ዶላር የወር መዋጮ ከዚህ ፈተና አንፃር ከመጠኑ በላይ ይመዝናል።

990ን (ድርጅቱ ለአይ.አር.ኤስ. የሚያስገባውን ዓመታዊ ፎርም) በተመለከተ፦ 990-ኤን የሚፈቀደው የሦስት ዓመት አማካይ ገቢ ከ50,000 ካልበለጠ ነው። ያለፉት ሁለት ዓመታት 38,000 እና 41,000 ከነበሩ፣ ዘንድሮ 57,528 ሲገባ አማካዩ 45,509 ነው፤ አሁንም ኢ-ፖስትካርዱ ይበቃል። ቢሆንም 990-ኢዚ እንዲገባ ተወሰነ፤ የሚቀጥለው ፋውንዴሽን የሚያነበው ቁጥር ያገኛል። ማስገቢያው ግንቦት 15። ሦስት ተከታታይ ዓመት ያላስገባ ድርጅት ነፃነቱ በራሱ ይሰረዛል፤ ሳምንት 1 ላይ የተጣራው ስም ሁሉ ያኔ ዋጋ የለውም።

ቀጥሎ የሚሠራ

ከ2026 ጀምሮ ኩባንያዎች ከግብር የሚቀነስላቸው ስጦታ ታክስ ከሚከፈልበት ገቢያቸው 1 በመቶ በላይ ያለው ብቻ ነው፤ የ10 በመቶው ጣሪያም እንዳለ ነው። ትንሽ የሚሰጥ የሰፈር ኩባንያ ከበጎ አድራጎት መስመር ወደ ማስታወቂያ መስመር ሊያዞረው ይችላልና የስፖንሰርነት ፓኬጅ ከመስከረም በፊት ይዘጋጅ።

የግማሽ ዓመት ሪፖርት፦ ከበጀት መስመር ከ10 በመቶ በላይ መዛወር በውሉ መሠረት ቀድሞ በጽሑፍ ይጠየቃል። መክሰሱ ከተገመተው በላይ እየሄደ ነው፤ በልጅ 1.50 ሳይሆን 1.80 ሆኗል፣ ለ64 ቀን 672 ዶላር ልዩነት። ያ ከመክሰሱ መስመር 20 በመቶ ስለሆነ ኢሜይሉ በዚህ ሳምንት ይላካል፣ ከኪራዩ መስመር እንዲዛወር፤ አዳራሹ ሁለት ቅዳሜ በነፃ ስለተሰጠ እዚያ 240 ተርፏል፣ ቀሪው 432 ከአባላት መዋጮ ይሸፈናል።